ዐፅመ ሰማዕታት (በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን)

ዐፅመ ሰማዕታት ስለ ክርስትና እምነታቸው የተገደሉ ቅዱሳን የአካል ቅሪት ነው። ክብሩ ጥንታዊ ነው፤ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰምርኔስ ምእመናን በእሳት የተቃጠለውን ጳጳሳቸውን የቅዱስ ፖሊካርፐስን ዐፅም ለቅመው በክብር አኑረዋል። በ787 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም ቤተ ክርስቲያን ያለ ዐፅመ ሰማዕታት እንዳይቀደስ ደነገገ።

ማረጋገጫ፦ የዐፅሙ ቅንጣት በትንሽ ክብ የብረት ማኅደር ትቀመጣለች፤ ከሥሯ የቅዱሱ ስም በላቲን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይለጠፋል። ማኅደሩ ከጀርባው በቀይ የሐር ክር ታስሮ በቀይ ሰም ይታተማል፤ ማኅተምና ፊርማ ያለበት የምስክር ወረቀትም አብሮት ይሰጣል። ክሩ ከተበጠሰ የምስክር ወረቀቱ ብቻውን አያስተማምንም። ቫቲካን ስለ ዐፅመ ቅዱሳን ማረጋገጫ በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ መመሪያ አውጥታለች።

በኢትዮጵያ፦ በመላ አገሪቱ ባሉ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መቅደሱን የሚያከብረው ታቦቱ እንጂ ዐፅም አይደለም። በካቶሊኮች ዘንድ የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ ሰማዕት የጎጃም ተወላጅ አባ ገብረ ሚካኤል ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ተባለ። መቃብሩ ግን አልተገኘም። የመምህሩ የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ዐፅም በኤርትራ፣ በሄቦ ይገኛል።

ዐፅመ ቅዱሳንን መሸጥ በምዕራቡም በምሥራቁም የካቶሊክ ቀኖና የተከለከለ ነው።