ዳዊት ለምን ይደገማል?



ዛሬ ስለ አንዲት ግስ ላውራችሁ። ጋዜጣ እናነባለን፣ ደብዳቤ እናነባለን። ዳዊት ግን «ይደገማል» ነው የሚባለው። ለምን ይመስላችኋል?

በንባብ ቤት ልጅ ከፊደል ተነስቶ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት ላይ ይደርሳል። ዳዊት ከደገመ ንባብ ጨረሰ ይባላል። 150ው መዝሙር አሥር አሥሩ «አንድ ንጉሥ» እየተባለ በ15 ይከፈላል። ለየቀኑም ድርሻ አለው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ሳምንቱን ይዞራል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት የሚደግም ሰው አንዱን መዝሙር በዓመት 50 ጊዜ ያህል ያገኘዋል ማለት ነው።

አባቶች ባሕር ሲሻገሩም ይህን ልማድ አልተዉም። ሮም የነበሩ መነኮሳቶቻችን ሲደግሙ የሰማ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ፣ ግእዝ ከእነሱ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው እሱ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ ሽምደዳ አይደለም ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። ትርጉሙን ሳያውቅ ለሚያነበንብ ልክ ናችሁ። ቤቱ ኽምጣና ለሚያወራ የዋግ ልጅ ደግሞ ግእዙ የባሰ ሩቅ ነው። ትርጉሙ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የማክሰኞውን መዝሙር 41 እዩት (በሌላው ቆጠራ 42 ነው)። ሰውየው ከሰው ጋር አይደለም የሚያወራው፤ የገዛ ነፍሱን ለምን እንዳዘነች ይጠይቃታል። አይቆጣትም፣ «ዝም በይ» አይላትም። እንባውን ይናገራል፣ ከሕዝብ ጋር በዓል ያከበረበትን ጊዜ ያስታውሳል። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። በሚቀጥለው መዝሙር ለሦስተኛ ጊዜ ይጠይቃል። በየጥያቄው ማግስትም ተስፋ እንድታደርግ ይነግራታል። መዝሙሩ ራሱ ደጋሚ ነው!

ይህን ዛሬ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ጦርነቱም ድርቁም በእኛ በጽጽቃና በዝቋላ ቀበሌዎች አልፏል። እኛ አገር ደግሞ ሐዘንን ዋጥ ማድረግ እንደ ጉብዝና ይታያል። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን፤ ውስጣችንን ግን ማንም አልጠየቀውም፣ እኛም ጭምር። አባቶች ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ነፍሳቸውን የሚጠይቁበት ጽሑፍ ነበራቸው።

ዳዊት ቤታችሁ ካለ ማክሰኞ ማታ አውጡት። በአማርኛውም ይሁን ግድ የለም። ጥያቄው ጋ ስትደርሱ ቆም በሉና የራሳችሁን መልስ ስጡ። በቀጣዩ ማክሰኞም ድገሙት።

ሰላም እደሩልኝ።