ከኪስ እስከ ወገብ፦ የተሰወረ ሽጉጥ ታሪክ በአሜሪካ

ዛሬ በአሜሪካ ሽጉጥን በልብስ ሥር ሰውሮ መሄድ በሁሉም ግዛቶች በየመስፈርታቸው ሕጋዊ ነው፤ በብዙ ባለመሣሪያዎች ዘንድም ሽጉጥን በአደባባይ ከማሳየት የተሻለ ጨዋነት ተደርጎ ይቆጠራል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ፍርድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነበር። መሣሪያውን በግልጽ የታጠቀ ሰው ባላጋራው አይቶ ሊጠነቀቅለት የሚችል ሐቀኛ ሰው ሲባል፣ በኪሱ የሸሸገው ግን አድብቶ እንደሚገድል ሰው ይታይ ነበር። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስውር ትጥቅን የሚከለክሉ ሕጎችን ያወጡት ከዚህ አመለካከት ተነሥተው ሲሆን፣ ኢንዲያና በ1820፣ አላባማ ደግሞ በ1839 ተከትለዋቸዋል። የኪስ ሽጉጥ ታሪክ በመጠኑ የአሠራር ጥበብ ታሪክ ቢሆንም፣ በይበልጥ ግን ይህ ፍርድ እንዴት እንደተገለበጠ የሚያሳይ የሕግና የልማድ ታሪክ ነው።

ፍርድ ቤቶችም የተከራከሩት በዚሁ ልዩነት ላይ ነበር። የኬንታኪ የበላይ ፍርድ ቤት በ1822 ሰይፍ የተሸሸገበት ከዘራ ይዞ በተገኘ ብሊስ በተባለ ሰው ጉዳይ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሲሽረው፣ ግዛቲቱ በ1850 ሕገ መንግሥቷን ስታድስ ስውር ትጥቅን የመከልከል ሥልጣንን ለሕግ አውጪዎቿ በግልጽ ሰጠች። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1846 በተሰጠው የናን ውሳኔ፣ ሕጉ ሰውሮ መያዝን የሚከለክልበትን ክፍል አጽንቶ በግልጽ መያዝን የሚከለክልበትን ሻረ። አርካንሶ በ1881 ከዚህም አልፋ፣ ሰው በአደባባይ እንዲይዝ የፈቀደችው የጦር ሠራዊትና የባሕር ኃይል ዓይነት ትልቅ ሽጉጥ ብቻ፣ ያውም ሳይሸፍነው በእጁ ጨብጦ ነበር። ድንጋጌው ለግልጽነት የቆመ ቢመስልም፣ የተፈቀዱት ሽጉጦች ውድ፣ የተከለከሉት የኪስ ሽጉጦች ደግሞ ርካሽ ስለነበሩ፣ ሸክሙ የወደቀው በድሆችና ከባርነት በቅርቡ በወጡት ጥቁሮች ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕጉ ያወገዛት የኪስ ሽጉጥ ግን ገበያ አልጠፋባትም። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነችውን የሠራው በ1786 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የተወለደው ሄንሪ ዴሪንጀር ሲሆን፣ ይህ ባለሙያ ከ1806 ጀምሮ በፊላደልፊያ ከተማ ሲሠራና ለመንግሥት ጠመንጃ ሲያቀርብ ቆይቶ፣ ስሙ በዓለም የናኘው ግን በመዳፍ በምትሸፈን፣ በአፈሙዟ በምትጎርስና አንድ ጊዜ ብቻ በምትተኩስ ትንሽ ሽጉጥ ነው። ከአንድ ተኩስ በኋላ ባዶ ስለምትሆን ገዢዎች ብዙውን ጊዜ ጥንድ አድርገው ይገዟት ነበር። ወርቅ ፍለጋ ሕዝብ በጎረፈበት በካሊፎርኒያ ተፈላጊነቷ እጅግ በመጨመሩ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች በዙ፤ ዴሪንጀርም የሳን ፍራንሲስኮውን የመሣሪያ ነጋዴ ፕሌትን ከስሶ በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ፤ ውሳኔውም በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ ሆነ። ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ጆን ዊልክስ ቡዝ በዋሽንግተን ፎርድ ቲያትር ውስጥ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የገደለው በዚህች ሽጉጥ ነበር። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች መሣሪያ በኪስ ገብታ እስከ ፕሬዚዳንቱ ጀርባ መድረሷ፣ የቀደሙት ሕግ አውጪዎች የፈሩት ነገር በከንቱ እንዳልነበረ አሳየ።

ሌላው ለውጥ የተኩስ ብዛት ነው። ሪቮልቨር የሚባለው ሽጉጥ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ክብ ማቀፊያ ውስጥ የሚደረደሩበት፣ በእኛ አነጋገር አምስት ወይም ስድስት ጎራሽ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ለኪስ እንዲሆን አሳጥረው የሠሩት ባለሙያዎች ቶሎ የተገነዘቡት ችግር መዶሻው፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ የሚመታው ብረት፣ ሽጉጡ ሲመዘዝ ከኪስ ጨርቅ ጋር እየተያዘ የሚያዘገይ መሆኑን ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ በ1887 መዶሻው በሽጉጡ አካል ውስጥ የተሸሸገበትን፣ መያዣውም በመዳፍ ካልተጨመቀ የማይተኩሰውን ሪቮልቨር ለገበያ ያቀረበው ይህን ለመፍታት ነው። አይቨር ጆንሰን የተባለው ሌላ አምራች ደግሞ ርካሽ ሽጉጦቹ ሳይታሰብ እንደማይተኩሱ ለማሳመን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አልጋዋ ላይ ከአሻንጉሊቷ ጋር ሪቮልቨር ይዛ የምትታይበትን ማስታወቂያ በ1904 አሳተመ። ሽጉጥ የቤት ዕቃ፣ አደጋውም የብልሃት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት መጀመሩን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሰነድ አይገኝም፤ ማስታወቂያው የወጣውም በዚያው ኩባንያ ሪቮልቨር፣ በመሐረብ በተሸፈነ እጅ፣ ፕሬዚዳንት ዊልያም ማኪንሌይ በቡፋሎ ከተማ በተተኮሱ በሦስት ዓመቱ ነበር።

የኪስ ሽጉጥን ዛሬ ወደሚታወቅበት ቅርጽ ያመጣው የዩታው ተወላጅ ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው። ብራውኒንግ የሠራበት ስልት ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ሲሆን፣ ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት የሽጉጡን የላይኛ ክፍል ወደ ኋላ ገፍቶ ባዶውን ቀለህ ካስወጣ በኋላ፣ ክፍሉ በጥምዝ ሽቦ ተመልሶ ሲመጣ በመያዣው ውስጥ ካለው ካዝና ቀጣዩን ጥይት ያጎርሰዋል፤ ክብ ማቀፊያው በመቅረቱም ሽጉጡ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ለሚሰውር ሰው ደግሞ ከርዝመት ይልቅ ውፍረት ጠላት ነው። ቤልጅግ ውስጥ በሊዬዥ አጠገብ የሚገኘው የኤርስታል ፋብሪካ በ1900 የብራውኒንግን ባለ 7.65 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ፣ በ1906 ደግሞ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላውን የሰደርያ ኪስ ሽጉጥ ሲሠራ፣ በአሜሪካ ኮልት ኩባንያ ከ1903 ጀምሮ ያመረተው የኪስ ሽጉጥ በብዙ መቶ ሺህ ተሸጠ። በ1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደለበትም የዚሁ ሰው ንድፍ የሆነ፣ በኤርስታል የተሠራ ሽጉጥ ነበር።

የያዡ ልምድ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ዓይነት ትምህርት ሲደጋግም ቆይቷል። ሽጉጥ ባነሰና በቀለለ መጠን ለመያዝ ይመቻል፤ ለመተኮስ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ቀላል አካል የተኩሱን ግፊት ስለማይሸከመው እጅን አጥብቆ ይመታል፣ አጭር መያዣ ለትንሿ ጣት ቦታ አይተውም፣ የማለሚያዎቹ መቀራረብም ጥቂቱን የእጅ ስሕተት በዒላማው ላይ ያሰፋዋል። ከገላ ጋር ተጣብቆ የሚውል ብረት በላብ ስለሚዝግ አምራቾች ሽጉጦችን በኒኬል ሲለብጡ ኖረው፣ በ1965 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የማይዝግ ብረት ሪቮልቨር ሠራ። የኪስ ጥራጊና ብናኝም አሠራሩን ስለሚያውክ፣ ምላጩ ደግሞ በኪስ ውስጥ በሌላ ዕቃ ሊሳብ ስለሚችል፣ ሽጉጡ እያደር ከኪስ ወጥቶ ምላጩን በሚሸፍን ማኅደር ወደ ወገብ ዞረ። ማንም ሰው ሽጉጡን ከገዛ በኋላ የሚጋፈጠው ምርጫ ይህ ነው፦ ትልቁን ገዝቶ በቤት መተው፣ ወይም ትንሹን ይዞ በልምምድ መድከም። በቤት የተተወው ሽጉጥ የሚያስከትለውም አደጋ ቀላል አይደለም፤ በአሜሪካ በጠመንጃና በሽጉጥ ከሚጠፋው ሕይወት ከግማሽ የሚበልጠው ሰዎች በገዛ እጃቸው የሚያጠፉት ነውና።

ሕጉ በበኩሉ የሽጉጡን ቅርጽ እስከ መወሰን ደርሷል። ኒው ዮርክ በ1911 በሱሊቫን ሕግ በልብስ ሊሸሸግ የሚችል መሣሪያን ለመያዝ ፈቃድ ግዴታ አደረገች፤ ፌዴራላዊው ምክር ቤትም በ1927 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በፖስታ እንዳይላኩ ከለከለ። የማርቲን ሉተር ኪንግና የሮበርት ኬኔዲ ግድያ የቀደመው የ1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ከውጭ የሚገቡ ሽጉጦች ከተወሰነ መጠን እንዳያንሱ ሲደነግግ፣ የጀርመኑ ዋልተር ፒፒኬ ቁመቱ ከሚፈለገው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በጥቂት ሚሊ ሜትር ስላነሰ ከገበያው ተዘጋበት፤ አምራቹም የፒፒኬን አጭር የላይኛ ክፍል ፒፒ በተባለው ረዘም ያለ ሽጉጡ መያዣ ላይ አዋዶ ፒፒኬ ኤስ የተባለውን ሠራ። ክልከላው ግን በውጭ ሠሪ ላይ ብቻ ስለነበር፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ የሀገር ውስጥ ፋብሪካዎች ርካሹን ገበያ ወዲያው ያዙት።

ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በባለሥልጣን ፈቃደኝነት ላይ በተመሠረተባቸው ግዛቶች አድልዎ የማይቀር ነበር። ኪንግ ራሱ በ1956 በሞንትጎመሪ ቤቱ በቦምብ ከተመታ በኋላ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። ለዚህ ሥርዓት መፍረስ ዋናው ምዕራፍ የተከፈተው ፍሎሪዳ በ1987 መስፈርቱን ያሟላ አመልካች ሁሉ ፈቃድ እንዲሰጠው የሚያስገድድ ሕግ ባወጣች ጊዜ ነው፤ ሌሎች ግዛቶች ተከተሏት፤ በ2013 ኢሊኖይ የመጨረሻዋ ሆና ስውር ትጥቅን ስትፈቅድ፣ እስከ 2024 ድረስ ደግሞ 29 ግዛቶች ፈቃድ መጠየቅን ጭምር አስቀርተዋል። አምራቾችም ይህን አዲስ ገዢ አልዘነጉም። ከ1994 እስከ 2004 በሥራ ላይ የነበረው ሕግ አዲስ የሚመረት ካዝና ከ10 ጥይት በላይ እንዳይዝ ሲወስን፣ ትልቅ ሽጉጥ ብዙ በመጉረሱ የነበረው ብልጫ ስለቀረ፣ በ1995 የቀረበው ግሎክ 26ና መሰሎቹ አሥሩን ጥይት በትንሽ አካል ይዘው ብቅ አሉ፤ በ2018 ደግሞ ሲግ ፒ365 ያንኑ አሥር ጥይት በእጅጉ በቀጠነ አካል ውስጥ ከተተ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 23 ቀን 2022 የኒው ዮርክ አመልካቾች የተለየ ምክንያት እንዲያቀርቡ የሚጠይቀውን ድንጋጌ ሲሽር፣ ከሱሊቫን ሕግ ዘመን የተወረሰው የባለሥልጣን ምርጫ አከተመ። ግዛቶች ግን የየራሳቸውን መስፈርት እንደያዙ ናቸው፤ ይህም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ በግልጽ ይታያል። የፌዴራሉ ሕግ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ስደተኛ ሽጉጥ እንዲገዛ ቢፈቅድም፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገባውን ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይከለክላል፤ በቨርጂኒያ ፈቃድ ያወጣ ባለ ሱቅ ወይም ታክሲ ነጂም የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ዋሽንግተን ከተማ ወይም ወደ ሜሪላንድ ሲገባ ፈቃዱ አይሠራለትም፤ በወገቡ ያለው ሽጉጥም በዚያ በኩል ወንጀል ይሆንበታል።