የቄሰ ገበዙ ቁልፍ

የመንዝ አድባራት ዕቃ ቤቶች ሙዚየም ተብለው አያውቁም፤ ሥራቸው ግን ያው ነው። በዘመሮ ዙሪያም ሆነ በቀረው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ፣ ብራናውን፣ መስቀሉን፣ ጽናጽሉንና አልባሳቱን ተረክቦ የሚጠብቀው ቄሰ ገበዙ ነው። መዝገቡም ከንብረቱ አይርቅም፦ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ማን ምን እንደሰጠ፣ በማን የአለቅነት ዘመን እንደሰጠ ይጻፋል፤ የሰረቀውም የፋቀውም እንዲወገዝ ይታከልበታል። ቅርስን ከሚገለገልበት ምእመን ሳይነጥሉ መጠበቅ እንደሚቻል ይህ ሥርዓት ያሳየው የዓለም ሙዚየሞች ጉዳዩን ማንሳት ከመጀመራቸው እጅግ ቀድሞ ነው።

በአንድ ጠንካራ ቤት መሰብሰብ ይሻላል የሚሉ መቅደላን ያስቡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘረፈ። ከጦሩ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከዘረፋው ለሙዚየሙ ገዛ፤ 350 ያህል ብራናም ወደዚያው ገባ። በየገደሉ በተበተኑት የመንዝ አድባራት ላይ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ጥፋት ሊደርስ አይችልም። ብሪቲሽ ሙዚየም ዛሬ 11 ታቦታትን የራሱ ኩሬተሮች እንኳ በማያዩበት ክፍል ዘግቶ ይዟል። የደብሩን ሕግ ተቀብሎ ታቦቱን ለደብሩ አለመመለስ ግን ትምህርቱን ከግማሽ ማቋረጥ ነው።

ዕቃ ቤቱ ጉድለት የለበትም አልልም። ሌባ ይደፍረዋል፤ እርጥበትና እሳት ያሰጉታል፤ ተመራማሪም ደጁ ላይ ቆሞ ይመለሳል። የመጨረሻው ቅሬታ መልስ ካገኘ ግን ቆይቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ መንዝና ግሼን ጨምሮ ከአገሪቱ አድባራትና ገዳማት የተገኙ 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ። ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ጌታቸው ኃይሌን የመሳሰሉ ሊቃውንት በዝርዝር መዘገቡት። ለዚህ ሲባል ደብሩ ከመጽሐፉ ጋር መለያየት አላስፈለገውም። የቀሩት ስጋቶች ደግሞ ገንዘብና ባለሙያ የሚፈልጉ እንጂ ባለቤት የሚያስለውጡ አይደሉም። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል እንጂ ከመንግሥት ሌላ ባለቤት አይኑረው አይልም። ስለዚህ የቅርስ መሥሪያ ቤቶች ከመንዝ ብራና ለመውሰድ ሳይሆን ለቄሰ ገበዙ እሳት የማይበግረው ሣጥን፣ ካሜራና ሥልጠና ለማድረስ ይምጡ።