የምዕራብ ሸዋ ደንና ጥናቱ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ጭሊሞ

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ መወራቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ደንም እንደ እርሻው ሁሉ የአባላት ሀብት ስለሆነ ታሪኩ ሊነሳ ይገባል። ደን ያለ ባለቤትና ያለ ጥናት እንደማይቆይ የዞናችን ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

በእንጨት እጦት የተጀመረ ከተማ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ ያለው እንጨት እየተመናመነ ሄደ። በዚህም የተነሳ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው የቤተ መንግሥት ሥራ አስጀመሩ። ሐሳቡ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዚህ በምክንያትነት ከሚጠቀሱት አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለሆነም የከተማዋን የማገዶና የግንባታ ችግር አቃለለ፤ ለገበሬውም እስከ ዛሬ የገንዘብ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን የጥድን፣ የዝግባንና የወይራን ቦታ ሊተካ አይችልም። በአጠገቡ የተዘራ ሰብል እንደሚቀጭጭም አርሶ አደሩ ጠንቅቆ ያውቃል።

ምርምሩ እንዴት ተደራጀ?

የትኛው ዛፍ በየትኛው አፈርና ከፍታ እንደሚበቅል፣ በስንት ዓመት እንደሚደርስ፣ እንጨቱስ ለምን ሥራ እንደሚሆን ለማወቅ በ1960ዎቹ የደን ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የወንዶ ገነት ትምህርት ቤት የደን ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአካባቢና የደን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራው የኢትዮጵያ ደን ልማት በተባለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተጠቃለለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የስንዴ ሙከራ በአንድ መኸር ውጤቱን ያሳያል፤ የጥድ ሙከራ ግን አንዱ ተመራማሪ ጀምሮት ሌላው የሚጨርሰው ነው። በመሆኑም የመለኪያ ቦታው ጠባቂ ካጣ ወይም መዝገቡ ከጠፋ የብዙ ዓመት ድካም ከንቱ ይቀራል።

የጭሊሞ ትምህርት

በደንዲ ወረዳ ከጊንጪ አጠገብ የሚገኘው የጭሊሞ ደን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአዋሽ ወንዝ መነሻ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱም ነው። ደኑ የመንግሥት ተብሎ በዘበኛ ብቻ ሲጠበቅ መመንጠሩ አልቆመም። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥትና ከነዋሪው ጋር በመሆን አሳታፊ የደን አስተዳደርን በአገራችን ቀድመው ከጀመሩት ቦታዎች በአንዱ፣ በጭሊሞ፣ ሞከረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ የደኑ ወሰን ይለያል፤ ተጠቃሚውም ይታወቃል። ቀጥሎ ነዋሪውና ባለሙያው አብረው ትልልቁን ዛፍና ችግኙን ይቆጥራሉ። በቆጠራው መሠረት ምን ያህል ሊቆረጥ እንደሚችል፣ የት መትከል እንደሚያስፈልግና የት ከብት እንደማይገባ በዕቅድ ይሰፍራል፤ ከመንግሥት ጋርም ስምምነት ይፈረማል። ተጠቃሚዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀታቸው ደግሞ ገቢውን በሒሳብ መዝገብ ለመያዝና ለመቆጣጠር አስችሏል።

ከእንግዲህስ?

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን በማለት ባለቤትነትን ለይቷል። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ የቀረው የእኛ ሥራ ነው። ከደን የሚቆረጠው በዓመት ከሚያድገው መብለጥ የለበትም። ዕድገቱ የሚታወቀው ደግሞ ያንኑ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ በመለካት ነው፤ አንድ ጊዜ ቆጥሮ መዝገቡን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም።

ስለሆነም ደን ያላቸው ማኅበራት ቋሚ የመለኪያ ቦታ ቢከልሉ፣ መዝገቡን ከሒሳብ ሰነዳቸው እኩል ቢጠብቁ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ከአምቦ ዩኒቨርሲቲና ከምርምር ተቋማት ጋር ቢያገናኟቸው፣ ልጆቻችን የሚረከቡት ደን ጥላም ገቢም ይሆናቸዋል።