እምነትና ብልህነት በቁጥር ሲመዘኑ

በማመንና በማሰብ መካከል ስላለው ግንኙነት ለብዙ ዘመናት የተደረገው ምርመራ የሙግት ምርመራ ነበር። ጋዛሊና የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ፣ ከእነርሱም በኋላ ቶማስ አኩዊናስ፣ ልቡና በራሱ መንገድ የሚደርስበት እውነት ከመጽሐፍ ቃል ጋር ይስማማል ወይስ ይጋጫል በሚለው ጥያቄ ላይ ደክመዋል፤ የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታም ብዙ የሃይማኖት ሥርዓቶችን በልቡና ፈትኖ ሲነቅፍ፣ የፈጣሪን መኖር ግን በዚያው በልቡና ያጸናል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሚያምኑትንና የማያምኑትን ሰዎች አእምሮ ለየብቻ ለክቶ ለማወዳደር ያሰበ አልነበረም። ይህ ሐሳብ የመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ ከመጣ ወዲህ ክርክሩ የተመካባቸው ቁጥሮች ማን ተጠይቆ፣ ምን ተብሎ ተጠይቆ እንደተገኙ በቅጡ ሳይመረመር መቆየቱ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ከቻርልስ ዳርዊን ጋር በአያት የሚገናኘው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ነው። ጎልተን በ1872 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ የጸሎትን ፍሬ በዕድሜ ሰንጠረዥ ለመፈተን ሞከረ። በየቤተ ክርስቲያኑ ረጅም ዕድሜ የሚለመንላቸው የነገሥታት ቤተሰቦች በአማካይ የኖሩት 64 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ቀሳውስት ከ69፣ የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ከ68 ዓመት በላይ ኖረው ስላገኛቸው፣ ልመናው ለነገሥታቱ አልጠቀመም ሲል ደመደመ። በዚያው ዓመት በፊዚክስ ሊቁ በጆን ቲንዳል አማካይነት የታተመ ሌላ ሐሳብም፣ የአንድ ሆስፒታል ክፍል ሕመምተኞች ለተወሰኑ ዓመታት በአማኞች ሁሉ እየተጸለየላቸው የሞት መጠናቸው ከሌሎች ጋር ይነጻጸር የሚል ነበር። ፈተናው ባይካሄድም በእንግሊዝ መጽሔቶችና ስብከቶች ብርቱ ሙግት አስነሣ።

ከጎልተን ይልቅ ለኋለኛው ዘመን ክርክር መሠረት የጣለው ግን ጄምስ ሊዩባ ነው። ሊዩባ በ1868 በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ተወልዶ፣ በአሜሪካ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ከተማረ በኋላ በፔንሲልቬንያ በሚገኘው ብሪን ማር በተባለ የሴቶች ኮሌጅ መምህር ሆነ። በ1914 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ስም ከተመዘገበበት መድበል 1,000 ሰዎችን በዕጣ መርጦ መጠይቅ ላከላቸው። መድበሉን ያዘጋጀው ጄምስ ካቴል በየሙያቸው የላቁትን በስማቸው አጠገብ ኮከብ እያደረገ ይለያቸው ስለነበር፣ ሊዩባም ይህንኑ ምልክት ተከትሎ ታላላቆቹን ከሌሎቹ ለይቶ ቆጠረ። በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ከመላሾቹ በአምላክ እናምናለን ያሉት 42 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከባለ ኮከቦቹ ግን ያመኑት ከ28 በመቶ አይበልጡም ነበር። ከዚህም ዕውቀትና የአእምሮ ልዕልና እየጨመረ ሲሄድ እምነት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ትምህርት ሲስፋፋም አለማመን አብሮ ይስፋፋል የሚል ትንበያ አወጣ።

በዚህ ጥናት ውስጥ ሁለት ነገሮች በጥሞና ሊታዩ ይገባል። አንደኛው የጥያቄው አቀራረብ ነው። ሊዩባ የጠየቀው በአጠቃላይ ፈጣሪ መኖሩን ሳይሆን፣ ከሰው ጋር በሐሳብና በስሜት የሚገናኝ፣ ለለመነውም ሰው ከራሱ ከለማኙ መጽናናት ያለፈ መልስ የሚሰጥ አምላክ መኖሩን ነው፤ ስለዚህም ዓለምን የፈጠረ ነገር ግን ለጸሎት መልስ የማይሰጥ አምላክ አለ ብሎ የሚያስብ ሳይንቲስት በዚህ ቆጠራ የሚመዘገበው ከማያምኑት ወገን ነው። ሁለተኛው በየሙያው የታየው ልዩነት ነው፤ የፊዚክስ ሰዎች ከሥነ ሕይወት ሰዎች፣ እነዚህም ከሥነ ልቦና ሰዎች ይልቅ የሚያምኑ ሆነው ተገኝተዋል። እምነትን የሚያጎድለው የአእምሮ ጥንካሬ ቢሆን ኖሮ የፊዚክስ ሊቃውንት ከሥነ ልቦና ሊቃውንት ያነሰ የማሰብ ችሎታ አላቸው ማለት በተገባ ነበር፤ ይህን ግን ሊዩባም ሆነ ሌላ ማንም አላለም። የሙያው ልማድ፣ ወደ ሙያው የሚሳበው ሰው ዓይነትና አብረውት የሚሠሩት ሰዎች አመለካከት ከብልህነት የተለዩ ምክንያቶች መሆናቸው ከራሱ ከሊዩባ ሰንጠረዥ ይታይ ነበር።

ሰንጠረዡ ግን ወደ ፖለቲካው የገባው በሌላ ትርጉም ነው። ሦስት ጊዜ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ ሊዩባ ስለ ሳይንቲስቶችና በየዓመቱ እምነታቸው እየቀነሰ ስለሚሄድ የኮሌጅ ተማሪዎች ያቀረባቸውን ቁጥሮች፣ የዝግመተ ለውጥ ትምህርት የወጣቶችን ሃይማኖት እንደሚያጠፋ ማስረጃ አድርጎ በንግግሮቹ አሰማ፤ ያ ዘመቻም በ1925 በቴነሲ ግዛት ዴይተን ከተማ ወደተካሄደው የመምህር ጆን ስኮፕስ የፍርድ ሂደት አደረሰ። አንዱ ወገን ለእድገት ምልክት ያደረገውን ቁጥር ሌላው ለጥፋት ምልክት ሲያደርገው፣ ቁጥሩ ራሱ ትክክል መሆኑን ግን ሁለቱም ተስማምተውበት ነበር።

የሊዩባ ትንበያ እንደገና የተፈተነው የታሪክ ምሁሩ ኤድዋርድ ላርሰንና ጋዜጠኛው ላሪ ዊተም በ1996 ያንኑ ጥያቄ፣ ቃሉን ሳይለውጡ፣ ለ1,000 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች በላኩ ጊዜ ነው። ከ80 ዓመት በኋላ፣ የሳይንስ ዕውቀት ከቀድሞው ጋር በማይወዳደር መጠን ሰፍቶ ሳለ፣ የሚያምኑት አሁንም 39 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። በ1998 ደግሞ እነዚሁ ሰዎች የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባላትን ጠይቀው ያመኑት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታወቁ፤ ይህም የሊዩባን ግምት የሚያጸና መስሎ በብዙ ጋዜጦች ተሰራጨ። የካቴል ኮከብ በዚያ ዘመን ስላልነበረ በምትኩ አካዳሚው የተወሰደው በተመራማሪዎቹ ውሳኔ እንደነበርና በራሳቸው በአባላቱ እየተመረጠ የሚገባበት ማኅበር መሆኑን ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ነባር አባላት አዲሶቹን የሚመርጡበት ማኅበር በሳይንስ ብቻ ሳይሆን በአመለካከትም ሊመሳሰል ስለሚችል፣ ከዚያ የተገኘ መቶኛ የብልህነትና የእምነት መለኪያ ሆኖ ሊቀርብ አይገባውም።

ከሳይንቲስቶች ቆጠራ ጎን ለጎን የማሰብ ችሎታ ፈተናን ከእምነት መጠይቅ ጋር የማነጻጸር ጥናትም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በ2013 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲው ሚሮን ዙከርማንና ባልደረቦቹ 63 ጥናቶችን በአንድነት አጣምረው መረመሩ፤ ይህ ዓይነቱ ምርመራ፣ ማለትም የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ እንደ አንድ ትልቅ ጥናት የሚተነትን ዘዴ፣ ሜታ ትንተና ይባላል። ያገኙት ተዛምዶ ከዜሮ በታች 0.24 ነበር። ተዛምዶ ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ መጠን ሲሆን፣ ከዜሮ በታች መሆኑ አንደኛው ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ የማለት ዝንባሌ እንዳለው ያመለክታል። የዚህ ቁጥር ካሬ 0.06 ስለማይሞላ፣ በሰዎች መካከል ካለው የሃይማኖተኝነት ልዩነት በብልህነት ፈተና ሊገመት የሚችለው ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ በአስተዳደግ፣ በአካባቢ፣ በዕድሜና በሕይወት ገጠመኝ የሚብራራ ወይም ጨርሶ ያልተብራራ ነው። ጥናቶቹም በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካና ከብሪታንያ የተገኙ ናቸው።

ዙከርማን ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ብልህ ሰው በመጀመሪያ ስሜቱ ከመመራት ይልቅ ነገሩን መርምሮ የመወሰን ልማድ አለው የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ የሚደግፍ በመሰለ ሙከራ፣ በ2012 ተመራማሪዎቹ ዊል ጀርቬይስና አራ ኖሬንዛያን፣ የሮዳንን «አሳቢው» የተሰኘ ሐውልት ምስል የተመለከቱ ሰዎች ሌላ ሐውልት ከተመለከቱት ይልቅ በአምላክ ማመናቸው ለጊዜው ዝቅ ብሎ አገኘነው ብለው ታዋቂ በሆነ የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ከመጀመሪያው እጅግ በሚበልጥ የሰው ብዛት ሲደግሙት ምንም ልዩነት አላገኙም፤ ጀርቬይስም የራሱን ሙከራ ደካማነት በይፋ ተቀበለ። ከዚያም በ2018 ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር በ13 አገሮች ባደረገው ጥናት፣ በመርማሪ አስተሳሰብና ባለማመን መካከል ያለው ግንኙነት ደካማና ከአገር አገር የሚለዋወጥ መሆኑን አሳየ። የገዛ ግኝቱን ለመመርመር የተነሣ ተመራማሪ ከዚህ ክርክር ተሳታፊዎች ሁሉ ይልቅ ክብር ይገባዋል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው ከእነዚህ ሙከራዎች ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ የገባችበትም መንገድ ሊያስቆጣ የሚገባው ነው። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሊንና ፊንላንዳዊው ታቱ ቫንሃነን በ2002 የአገሮችን አማካይ የማሰብ ችሎታ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ሲያወጡ ለኢትዮጵያ 63 የሚል ቁጥር ሰጡ፤ በዚህ መለኪያ 100 የብሪታንያ አማካይ ነው። በ2009 ሊን፣ ጆን ሃርቪና ሄልሙት ኒቦርግ ይህንኑ መዝገብ ተጠቅመው በ137 አገሮች ብልህነትና አለማመን በ0.60 ተዛምደው እናገኛቸዋለን አሉ። ከዚህ ሰንጠረዥ በስተጀርባ ያለው የኢትዮጵያ ቁጥር ግን ከኢትዮጵያ የተገኘ አልነበረም፤ ወደ እስራኤል ከገቡ ገና ብዙም ያልቆዩ የ15 ዓመት የቤተ እስራኤል ታዳጊዎች የወሰዱት የሬቨን ፈተና ውጤት ነው። የሬቨን ፈተና ጎዶሎ የሆነ የቅርጽ ንድፍ አሳይቶ የሚሞላውን ክፍል ከተሰጡት አማራጮች እንዲመርጡ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ከተሣሉ ቅርጾችና ከምርጫ ጥያቄዎች ጋር የቀደመ ትውውቅን ይፈልጋል። አብዛኛው ቤተ እስራኤላዊ ደግሞ በጎንደርና በትግራይ ገጠር የኖረ ሕዝብ ነው። የጥናቱ አዘጋጆች ካኒየልና ፊሸርማን ዓላማቸው ስደተኛ ታዳጊዎች በፈተናው የሚሠሯቸውን ስሕተቶች ዓይነት ከእስራኤል ተወላጆች ጋር ማነጻጸር እንጂ የአንድን አገር አእምሮ መመዘን አልነበረም።

በዚህ ላይ የሃይማኖቱ ዓምድ የኢትዮጵያን ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች የሚመለከት ሲሆን የብልህነቱ ዓምድ ግን በእስራኤል ከሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆች የተወሰደ ነው፤ ሁለቱ ዓምዶች የሚናገሩት ስለ ተለያዩ ሰዎች ነው። ዴቪድ ጹሪየልና ሮኒት ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጡ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት አጭር ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ እንደገና ሲፈተኑ በመጀመሪያ የታየው ልዩነት እጅግ እንደሚጠብ አሳይተው ነበር። ይህ ጥናት 63 ወደ ሰንጠረዡ ከመግባቱ በፊት የታተመ ነው።

የኢትዮጵያ ነባር ትምህርት ለዚህ ክርክር የሚያስታውሰው ነገር አለ። በዋሸራ፣ በዋድላና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ቀን ቀን የሚቆጥረው ቅኔ አዲስ፣ ምጣኔውን የጠበቀና ሁለት ትርጉም የሚሸከም መሆን ሲኖርበት፣ በአንድምታው ጉባኤ ደግሞ አንድ የመጽሐፍ ቃል «አንድም» እየተባለ በተከታታይ ፍቺዎች ይመረመራል። ይህ የማሰብ ሥልጠና የሚሰጠው በእምነት ውስጥ፣ ለእምነት አገልግሎት ነው፤ በየትኛውም የሊን ሰንጠረዥ ግን ቦታ የለውም።

ወደ ሳይንቲስቶቹ ቆጠራ ስንመለስ፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲዋ ኢሌን ኤክሉንድ የእምነቱን ጥያቄ ከአሜሪካ ውጭ ወስዳ በበርካታ አገሮች ስትጠይቅ ያገኘችው ውጤት ሌላ ነበር። በሆንግ ኮንግ ራሳቸውን ሃይማኖተኛ ያሉ ሳይንቲስቶች 39 በመቶ፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ግን 20 በመቶ ሲሆኑ፣ በታይዋንም 54 በመቶ ለ44 በመቶ ነበሩ፤ በእነዚህ ቦታዎች ከሳይንቲስቱ ይልቅ ተራው ሰው ከሃይማኖት የራቀ ነው።

በ2020 በአንድ የሥነ ልቦና መጽሔት የታተመና የሃይማኖተኝነት መቀነስ የወንጀል መጨመርን የሚያስከትለው አማካይ ብልህነታቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ነው የሚል ጥናት፣ በዚሁ የሊን መዝገብ ላይ ስለተመሠረተ ከተተቸ በኋላ በራሳቸው በደራሲዎቹ ጥያቄ እንዲሰረዝ ተደርጓል፤ በዚያው ዓመትም የአውሮፓ የሰው ባሕርይና ዝግመተ ለውጥ ማኅበር መዝገቡ ለምርምር እንዳይውል በይፋ አሳስቧል። በ2009 የታተመው የ137 አገሮች ጥናት ግን አልተሰረዘም።