ለፍርድ የሚቀርቡ ሳንቲሞች

እንግሊዞች ሳንቲምን ዳኛ ፊት ማቆም ከጀመሩ ሰባት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1282 ቀዳማዊ ኤድዋርድ ባወጣው ትእዛዝ የጸናው ይህ ሥርዓት የ«ፒክስ» ችሎት ይባላል። ከሳንቲም መቅረጫው ምርት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይነሣና ቁልፎቹ በተለያዩ ሹማምንት እጅ ወዳሉ፣ «ፒክስ» ወደሚባለው ሣጥን ይገባል። ቀኑ ሲደርስ ወርቅ አንጥረኞች ያሉበት የዳኞች ጉባኤ ይመዝነዋል፤ ከፊሉንም አቅልጦ ንጥረቱን ይመረምራል። የቀለጠ ሳንቲም ደግሞ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ ከናሙና በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረም።

አይዛክ ኒውተንም የመቅረጫው ኃላፊ ሆኖ በዚህ ችሎት ተፈትኗል። በ1710 የወርቅ ሳንቲሞቹ ንጥረታቸው ከሚነጻጸርበት የመመዘኛ ሰሌዳ አንሰው ተገኙ። እሱ ግን ጥፋቱን ወደ ሰሌዳው መለሰው፦ በ1707 የተሠራው ሰሌዳ ከሚገባው በላይ ነጥሯል አለ። ተከራክሮም አልቀረ፤ አዲሱ ሰሌዳ ገለል ተደርጎ የ1688ቱ ተመለሰ።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሳንቲሞቹ በጅምላ ሲመዘኑ የተፈቀደው የክብደት ልዩነት በብዛታቸው ልክ ይባዛ ነበር፤ ለአንዱ የተፈቀደው ለመቶው መቶ እጥፍ ሆነ። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሲከብድ ሌላው እየቀለለ ስሕተቱ ስለሚካካስ፣ በመቶ ሳንቲም ላይ የሚጠበቀው መዛባት ወደ አሥር እጥፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ብልጥ ኃላፊ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ችሎቱን በሰላም ሊያልፍ ይችል ነበር። የስታትስቲክስ ታሪክ ጸሐፊው እስቲቨን ስቲግለር ይህን ጉድለት በ1977 አሳይቷል። ዳኞቹ ሲመዝኑ ኖሩ እንጂ የስሌቱ ስጋት በማን ላይ እንደወደቀ አልጠየቁም።

ጥያቄው በግልጽ የተነሣው በ20ኛው መቶ ዘመን፣ በአሜሪካ የስልክ ፋብሪካዎች ነው። የቤል ላቦራቶሪዎቹ ሃሮልድ ዶጅና ሃሪ ሮሚግ ሁለት ስጋቶችን ለዩ፦ ደህናውን ዕቃ ጥሎ አምራቹን መበደልና መጥፎውን አሳልፎ ገዢውን መጉዳት። በ1941 ያሳተሟቸው ሠንጠረዦች አንድ ጊዜ ብቻ በሚወሰድ ናሙናና ሁለተኛ ዕድል በሚሰጥ ናሙና መካከል ያስመርጡ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ያው የማቅለጥ ጣጣ በጥይት መጣ፤ የተተኮሰ አይመለስማ። በ1943 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው አብርሃም ዋልድ ዕቃውን አንድ በአንድ እየፈተኑ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ «ተቀበል፣ ጣል፣ ወይም ቀጥል» የሚያሰኝ ዘዴ ቀመረ። የሚጠፋው ናሙና በአማካይ ወደ ግማሽ ስለወረደ ሥራው እስከ 1945 በምሥጢር ተያዘ።

ቁጠባው እንዳለ ሆኖ ዘዴው ለፋብሪካ አስቸጋሪ ነው፤ ፈታሹ ጠዋት ሲገባ ስንት ዕቃ እንደሚፈትን አያውቅም። የአሜሪካ ጦር በ1950 ባወጣው መመሪያ ነጠላ፣ ድርብና ብዙ ዙር ናሙናዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምርጫውን ለተጠቃሚው ተወ።