ከሣሩ ሥር ያለው ሜዳ

ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን በአዲስ አበባ ስታዲየም ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ስለ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ስለ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ስለ መንግሥቱ ወርቁ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ወሩ ግን የሚናገር አይገኝም። ጥር ነበር። ውድድሩ በ1960 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣም ጥር ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ደግሞ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ያ ሣር የአህጉሩን ውድድር ሦስት ጊዜ ሲያስተናግድ አንድም ጊዜ ሐምሌን አላየም። የአገር ውስጡ ሊግም ቢሆን የሚከፈተው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዝናቡን በቀን መቁጠሪያ ስንሸሸው ኖረናል።

ከላንቻ በቀላል ባቡር ተሳፍሮ ጠመንጃ ያዥን፣ ሪቼንና መሿለኪያን ያለፈ ሰው ስታዲየም ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ነሐሴ ላይ ግን ውኃ ያቆረበት ቦታ አያጣም። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከሁለት ሦስተኛ በላዩ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ፀሐይ ለቀናት ስለምትሰወር የረጠበ ሣር ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሣሩ ይገረጣል። ውኃ ማጠጣት የሚያስፈልገውም ከተማው የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚያገኝበት ጊዜ ነው።

ሣሩ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። ገበሬ ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ በሞቃት አገሮች የጎልፍና የእግር ኳስ ሜዳ የሚለብሰው ተክል ነው፤ መሬት ለመሬትም ከመሬት በታችም እየተሳበ ይስፋፋል፣ ቢረገጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲሰነብት ግን ይዳከማል።

ችግሩ አፈሩ ላይ ነው። ከከተማዋ መሃል ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ በተወረደ ቁጥር ጥቁሩ ዋልካ ይበረታል። ዋልካ ሲርስ አብጦ ውኃ አያሳልፍም፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሳለ በጫማ ከተረገጠ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። በአንድ ሐምሌ የተደረገ አንድ ጨዋታ እስከ ጥር የሚዘልቅ ጉዳት የሚተወው በዚህ የተነሣ ነው።

ጎልፈኞች ይህን ቀድመው አስበውበታል። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው መመሪያ፣ ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለበት አረንጓዴ መደብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋማ አፈር ከ10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር በላይ፣ ከጠጠሩም ሥር ቱቦ እንዲኖረው ይጠይቃል። የቀረው የጎልፍ ሜዳ ተዳፋት ስላለው ውኃው በራሱ ይወርዳል። የእግር ኳስ ሜዳ ግን ለጥ ያለ ነው፤ ውኃው መሄጃ ያለው ወደ ታች ብቻ ነው፣ እሱም ከታች ከተሠራለት።

ይህን ጥበብ ከባሕር ማዶ ብቻ የምንጠብቀው መሆኑ ያሳዝነኛል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ዋልካውን ከነቤተሰባቸው በእጃቸው ሰፋ ያለ መደብ እያወጡ፣ በመሃሉ ቦይ እየተዉ ያጠነፍፉታል። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆኖ የእኛኑ ማረሻ አሻሽሎ፣ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ስንዴውን ከመበስበስ ያዳነ ዕውቀት ለኳስ ሜዳ መሐንዲስ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን እንደገና ረታች፤ 2 ለ 0፣ በሜዳዋ በተቆጠረ ጨዋታ፣ ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረ ነው። መስፈርቱ ከሣር በላይ ብዙ ነገር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም የአዲስ አበባ ስታዲየም ሲታደስ ከወንበሩና ከጣሪያው በፊት የምጠይቀው ቱቦው በስንት ሜትር ርቀት እንደተቀበረ፣ ውኃው ከግቢው ወጥቶ የት እንደሚፈስና ግንቦት ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ቦዩን የሚጠርግ ሠራተኛ በየዓመቱ በጀት እንደተያዘለት ነው።